ውሃ የሚጠጣው ድንጋይ

ቀለበቴ የሞተው እሁድ ቀን ነው።

መብራት ጠፍቶ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ቆሟል። የልጄ ዩኒፎርም ደግሞ ለሰኞ መድረስ አለበት። ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድቼ በእጄ ማጠብ ጀመርኩ። ቀለበቴን ማውለቅ ረሳሁ። አለቅልቄ ጨርሼ ልብሱን ሳሰጣ ነው ዓይኔ ጣቴ ላይ ያረፈው።

ድንጋዩ ቦታው ላይ አለ። ቀለሙ ግን የለም። ጠዋት ማር በመሰለ ገላው ላይ አረንጓዴና ብርቱካናማ ነበልባል ሲጫወትበት ነበር። አሁን የጠርሙስ ስባሪ መስሏል። በውስጡ አልፎ ከስሩ ያለው ብር ይታያል። ፎጣ አምጥቼ ጠረግኩት። በትንፋሼ አሞቅኩት። ምንም የለም።

ይሄ ድንጋይ ኦፓል ነው፣ ለእኔም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከወሎ፣ ከደላንታ ነው ያመጣልኝ። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በጥጥ ጠቅልሎ፣ ደሴ መናኸሪያ ላይ በእጄ ሰጠኝ። ራሱ የቆፈረው ነው። እሱ ለሽያጭ ካወጣቸው ድንጋዮች ሁሉ ይሄኛውን ለእኔ ብሎ ለይቶ አስቀርቶታል።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ አንድ ጌጣጌጥ ቤት ሄድኩ። ሰውየው በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው። «እህቴ፣ ተሸውደሻል» አለኝ። «ይሄ ፎርጅድ ነው። መስታወት ነው።» ብሩን ብቻ በግራም ሊገዛኝ ጠየቀኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እውነት ራስህ ነህ የቆፈርከው ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር። እሱ በእድሜ ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ «ወንድምዬ» ነው የምለው። ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«እታለም፣ ውሃ ውስጥ አስገባሽው እንዴ?»

«ልብስ ሳጥብ ረስቼው ነው ወንድምዬ።»

«አልሞተም። ጠጥቶ ነው። ተይው፣ ሲጠማው ይመለሳል።»

ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው፣ ከምድጃም ከሚሞቅ ነገርም እንዳርቀው አስጠነቀቀኝ። በቶሎ ከደረቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ቦታ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ረቡዕ ዕለት ጭራሽ ባሰበት። ያ መስታወት የመሰለው ነገር እንደ ወተት ነጣና ደፈረሰ። ሐሙስ ያው ነው። ዓርብ ጠዋት ዳር ዳሩ ላይ አንድ አረንጓዴ ጭረት አየሁ። ቅዳሜ ልጄ «እማ፣ ነቃ!» ብላ ስትጮህ ሮጬ መጣሁ። እሳቱ በሙሉ ተመልሷል።

ስለ ኦፓል ማንበብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ዓመታት አልፈዋል፣ እስካሁን አልተውኩትም።

ኦፓል ከምን ተሠራ ብትሉ፣ ከአሸዋና ከውሃ ነው። ሲሊካ ይባላል። አሸዋውም መስታወቱም ያው ሲሊካ ነው። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ጉሊት ላይ ብርቱካን ሲደረደር አይታችኋል? ከታች አንድ ረድፍ፣ ከዚያ በላይ በክፍተቱ ልክ ሌላ ረድፍ። ኦፓል ውስጥም ሲሊካው በጣም ጥቃቅን ኳሶች ሆኖ እንዲሁ ይደረደራል። የአንዱ ኳስ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ሚሊሜትር ላይ ከ3,000 በላይ ይሰለፋሉ ማለት ነው። ብርሃን በኳሶቹ መሃል ባሉት ክፍተቶች ሲያልፍ ይበታተንና ቀለሞቹ ይለያያሉ። ድንጋዩ ውስጥ ቀይ ወይም አረንጓዴ ማቅለሚያ የለም። ያለው ሥርዓት ብቻ ነው። ይሄን ሳይንቲስቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ያረጋገጡት አውስትራሊያ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው።

ኳሶቹ ካልተደረደሩስ? ያኔ ቀለም አይኖርም። ነጭ ወይም ግራጫ፣ ፈዛዛ ድንጋይ ይሆናል። ከመሬት የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሳምንት ሙሉ ቆፍሮ ጆንያ ሙሉ ድንጋይ አውጥቶ፣ ቀለም ያለው አንድ እፍኝ ካገኘ ደስ ብሎት ይውላል።

ቀይ ለምን ይወደዳል የሚለውም የገባኝ ከኳሶቹ ነው። ሰማያዊ የሚመጣው ኳሶቹ ትናንሽ ሲሆኑ ነው። ቀይ እንዲታይ ኳሶቹ ትልልቅ መሆንና ትልልቅ ሆነውም በእኩል መጠን መደርደር አለባቸው። ቀይ ማሳየት የሚችል ድንጋይ ስታዞሩት አረንጓዴም ሰማያዊም ያሳያል። ሰማያዊ ብቻ ያለው ግን በየትኛውም ጎን ብታዞሩት ቀይ አይወጣውም። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ ቀይ አለው ወይ ብሎ ያያል። ከዚያ ድምቀቱን ያያል። እዚህ ላይ የእኔ ሐሳብ ትንሽ ይለያል። ደማቅ አረንጓዴ ከደብዛዛ ቀይ ይበልጥብኛል። ክፍል ውስጥ፣ በተራ አምፖል ብርሃን እንኳ የሚነድ ድንጋይ ነው ድንጋይ። የጠራራ ፀሐይ ካልወጣ የማይታይ ቀለም ምን ይሠራል?

ከዚያ ቅርጹ አለ። ቀለሙ በነጠብጣብ ነው? በሰፊ ገበታ ነው? እንደ ዳማ መጫወቻ አራት ማዕዘን ሆኖ የተደረደረው እጅግ ብርቅ ነው፣ ሰብሳቢዎች ያሳድዱታል። የወሎ ኦፓል ደግሞ የራሱ የሆነ ቅርጽ አለው። አንዳንዱን በጎን ስታዩት ቀለሙ እንደ ጣት፣ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። በላዩ ስታዩት የማር እንጀራ ይመስላል። በመሃሉ ቀለም የሌለው ስስ ድንበር ያልፋል።

የመሬቱ ቀለም የምለው የድንጋዩ ገላም ዋጋ አለው። ጥቁር ገላ ላይ እሳቱ ይጎላል፣ ሌሊት ላይ ርችት እንደማየት ነው። በጥቁር ኦፓል ስሟ የገነነው የአውስትራሊያዋ ላይትኒንግ ሪጅ ናት። እኛም አለን። በፈረንጆቹ 2013 ከደላንታዋ ከተማ ከወገል ጤና ወደ ሰሜን፣ ጋሸና አካባቢ ጥቁር ኦፓል ተገኝቷል።

ስለ ቦታው ደግሞ ትንሽ ላውራ። ደላንታ ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለ ሰፊ አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ላዩ ሜዳ ነው፣ ዋልካ አፈር፣ ገብስና ምስር የሚበቅልበት። ዳሩ ግን ገደል ነው። ጅጣና በሽሎ የሚባሉት ወንዞች ቆርጠውታል። ገደሉን ከማዶ ስታዩት እንደ ድርብ እንጀራ ንብርብር ነው። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ የእሳተ ገሞራ ዘመን ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰ። ከእነዚያ ሁሉ ንብርብሮች መሃል ኦፓል ያለው አንዱ ነው። ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ለምን እዚያ ብቻ? ይሄ መልስ በጣም ነው የነካኝ። እሳተ ገሞራው ያረፈበት ጊዜ ነበር። አመዱ ቀዝቅዞ ዝናብ ዘነበበት። ወደ አፈርነት ተቀየረ፣ ዕፅዋት በቀሉበት። ውሃው ከአመዱ ውስጥ ሲሊካውን እያሟሟ ወደ ታች ይዞት ወረደ፣ ክፍተት ባገኘበት ሁሉ አስቀመጠው። ከዚያ እሳቱ እንደገና ፈሰሰና ሁሉን ከደነው። ከደላንታ በወጡ አንዳንድ ኦፓሎች ውስጥ የዚያን ዘመን የዕፅዋት ቅሪት ተገኝቷል። ሥሩ እንዳለ፣ ኦፓል ውስጥ ተዘግቶ። ይሄ ድንጋይ የእሳት ሳይሆን የእረፍት ልጅ ነው። ዝናብና አፈር የወለደው ነው። ውሃ መውደዱ ምን ይገርማል?

በ1860 ዓ.ም. በጋ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት በዚሁ አምባ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በጅጣ ገደል ወርዶ ወደ ደላንታ ወጣ፣ ከዚያም በበሽሎ በኩል ወደ መቅደላ ተሻገረ። መንገዱን በእጃቸው ቋጥኝ እየፈነቀሉ ነው የሠሩት። ኦፓሉ ያኔም በዚያ አምባ ገደል ውስጥ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን ከዚያ 140 ዓመት ቆይቶ ነው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንጆቹ 2008።

ሲወጣ ግን ገበያው እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ምክንያቱ ከሸዋ የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንዝ አካባቢ፣ መዘዞ ላይ ኦፓል ተገኝቶ ነበር። ቡናማ ቅርፊት ያለው ክብ ድንጋይ ነው፣ ሲሰበር ውስጡ እሳት የሆነ። ውበቱን ያዩ ሁሉ ገዙት። ከዚያ ብዙው ተሰነጠቀ። ተጠርቦ፣ ተሸጦ፣ ቀለበት ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚሰነጠቅም ነበር። «የኢትዮጵያ ኦፓል አይታመንም» የሚል ወሬ ከዚያ ተነሣ። የወሎው ሲመጣም ያው ስም ጠበቀው።

የወሎው ግን ሌላ ነው። በጣም የምወደውን አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2010 ወጥቶ በነበረ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የወገል ጤናን ኦፓሎች ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ኮንክሪት ወለል ላይ ለቀቋቸው። አልተሰበሩም። ኦፓል በዓለም ሁሉ ስስ ድንጋይ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ይሄ ግን እንደ ወሎ ሰው ነው፣ ለስላሳም ጠንካራም። መቧጨር ግን ይቧጨራል። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ኦፓል 6 አካባቢ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ እንኳ 7 ነው። ስለዚህ አቧራ ያለበትን ኦፓል በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ አይገባም።

ወደ ውሃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሬ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ኦፓል ሃይድሮፌን ይባላል። ውስጡ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ውሃ ሲገባባቸው ብርሃኑን ይበታትን የነበረው ክፍተት ይሞላል፣ ብርሃኑም ሳይሰናከል ያልፋል። ወረቀት ላይ ዘይት ሲፈስበት በስተጀርባው ያለውን እንደሚያሳየው ማለት ነው። ሲደርቅ ክፍተቱ ይመለሳል፣ ቀለሙም አብሮ ይመለሳል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ አይጎዳውም። ዘይት፣ ሽቶ፣ ክሬም፣ ማቅለሚያ ከሆነ ግን ገብቶ ሊቀር ይችላል። እኔ አሁን ቅባት ከመቀባቴ በፊት አወልቀዋለሁ። ሳህን ሳጥብም አወልቀዋለሁ።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይሄን ጠባይ እንደ ነውር ይደብቁታል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሲሸጡ አይናገሩም። ገዢዋ ቤቷ ሄዳ እጇን ስትታጠብ ድንጋይዋ ይጠፋባታል። ተታለልኩ ትላለች። ለጓደኞቿ ትናገራለች። በመሸጫው ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገራት ኖሮ ግን በየዝናቡ በደስታ ታየው ነበር። ልጄን አይቻታለሁ። ድንጋዩ ሲነቃ ለማየት ጠዋት ከአልጋዋ ዘላ ነው የምትነሣው። የትኛው አልማዝ እንዲህ ያደርጋል?

ከዚህ የባሰም አለ። ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ክብደት ይጨምራል። አንዳንዱ የክብደቱን አንድ አስረኛ ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ከውሃ አውጥቶ ወዲያው ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሻጭ ውሃም አብሮ እየሸጠ ነው። ጥሬ ድንጋይ ውሃ ውስጥ አድርጎ ማሳየት በራሱ ተንኮል አይደለም። ውስጡ ስንጥቅ እንዳለ ለማየት ይጠቅማል። ዋጋ ግን ደረቁ ላይ ነው መነጋገር ያለብን።

ያ ቀዳዳ ለቀለም ነካሪዎችም በር ከፍቷል። ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው በማሞቅ ጭሱን ያስገቡበታል፣ ጥቁር ገላ ያወጣል። ሐምራዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ የዓሣ ማስቀመጫ ሰማያዊ የሚመስል ገላ ካያችሁ ጠርጥሩ። ጭስ የጠጣ ድንጋይ ያምራል፣ አልክድም። «ጭስ የጠጣ ነው» ተብሎ በራሱ ዋጋ ከተሸጠ ምንም አይደል። የተፈጥሮ ጥቁር ነው ተብሎ ሲሸጥ ግን ጋሸና ገደል ውስጥ እውነተኛውን የሚፈልገውን ልጅ እንጀራ ነው የሚዘጋው።

ዋጋ ከሰው ልብም ይመጣል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ አንድ ኖኒየስ ስለሚባል ሹም ጽፎ ትቷል። ሃዘልነት የሚባለውን የለውዝ ዓይነት ፍሬ የሚያህል ኦፓል ያለበት ቀለበት ነበረው። ኃያሉ የሮም መሪ ማርክ አንቶኒ ፈለገው። ኖኒየስ ንብረቱን ሁሉ ጥሎ፣ ቀለበቱን ብቻ ይዞ ተሰደደ። ሰውየውን ሞኝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይገባኛል። ከኖኒየስ ብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ኦፓል ገፊ ነው ተብሎ ሰዎች ሸሹት። ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳው ለሴት ልጆቿ ስትሰጥ ነው ስሙ እንደገና የተቃናው። ድንጋዩ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነው። የተቀየረው ወሬው ነው።

የእኛም ወሬ ሊቀየር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ደላንታ ላይ ጥሬው ድንጋይ የሚሸጠው በግራምና በኪሎ ነው። ተጠርቦ ሲወጣ ደግሞ በካራት። አንድ ግራም አምስት ካራት ነው። ብዙው ጥሬ ድንጋይ ወደ ሕንድ፣ ወደ ጃይፑር ሄዶ ነው የሚጠረበው። እዚያ ባለሙያው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚነድ አይቶ፣ ላዩን ጉብ አድርጎ፣ አለስልሶ ያወጣዋል። ከዚያ አሜሪካ አሪዞና ቱሳን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የድንጋይ ገበያ ላይ በመብራት ስር ይቀመጣል። የዋጋው ትልቁ እርምጃ የሚወሰደው ከገደሉ ርቆ ነው ማለት ነው። እዚሁ አገር የሚጠርቡ ወጣቶች አሉ፣ ሥራቸውን አይቻለሁ፣ እጃቸው የሚያኮራ ነው። ብዙ ቢሆኑልን ብዬ እመኛለሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁን አይቆፍርም።

ዋሻው እንዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ገደሉ ላይ በቀጭን መንገድ ይሄዳሉ፣ አንድ እግር ከተሳሳተ መመለሻ የለም። ከዚያ ያን አንድ ሜትር የማይሞላ ንብርብር ተከትለው በዶማና በመሮ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቆመው አይሠሩም። ተንበርክከው ወይም በጎናቸው ተኝተው ነው። በላያቸው ያለው ተራራ የቆመው በራሱ ነው፣ ድጋፍ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚሆኑ ሰዎች ውስጥ ተዘግተው እንደቀሩ በዜና ስሰማ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩለት። አነሣ። «እኔ ቤቴ ነኝ እታለም» አለኝ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እሱ የተወው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ አብሮት የሚቆፍር ጓደኛው ከሞተ በኋላ። በድንጋዩ ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፣ ሁለት በሬ ገዝቷል። ምስሩን ይዘራል።

ባለፈው መስቀል ሲመጣ ቀለበቴን አውልቄ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ በጣቶቹ መሃል ቀስ እያደረገ አዞረው። የጣቶቹ ጫፍ አሁንም ሻካራ ነው። ልጄ አጠገቡ ቆማ «አጎቴ፣ ውሃ እናጠጣው?» አለችው። ወደ እኔ አየ። እሺ አልኩ። ብርጭቆ ሙሉ ንጹሕ ውሃ አመጣችና ቀስ ብሎ ከተተው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ቀለሙ ከዳር ወደ መሃል እያለ እየሄደ ሲጠፋ አዩት።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለችው።

«እንጃ» አላት። «እኔ ካልሄድኩ አብረን እናየዋለን።»

አምስት ቀን አደረ።